ያልተዋጡት ቡናማ ክኒኖች

እትዬ አስካለች ቀኝ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከምራታቸው ፍራሽ ሥር አስገብተው ሲዳብሱ ጣታቸው አንድ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነካ። ስበው አወጡት። የክኒን እሽግ ነው። እጃቸውን መልሰው ሰደዱ፤ ሌላ እሽግ። ደግመው ሰደዱ፤ ሌላ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩዋቸው። ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ከመጨረሻ ልጃቸው በኋላ ይህንኑ ከጤና ጣቢያ እየተቀበሉ ሲውጡት ኖረዋል። ነጩ እንዳይፀነስ ነው፤ በመጨረሻው ረድፍ ያለው ቡናማው ደግሞ ለደም ነው ብላ ነርሷ ያስረዳቻቸውን እስከ ዛሬ አልረሱም። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ እሽግ ገና አልተነካም፤ በቀሩት ላይ ነጩ ተለቅሞ አልቋል፣ ቡናማው እንዳለ ተቀምጧል።

«እንዳትወልድ የሚከለክላትን ትውጣለች፤ ለደሟ የሚሆነውን ትተዋለች» አሉ ብቻቸውን። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ተንኮል ነው?»

ያለቀውን እሽግ እንኳን አውጥታ ያልጣለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። የግቢውን ቆሻሻ ማን እንደሚያገላብጠው ምራታቸው ጠንቅቃ ታውቃለች።

እትዬ አስካለች ሚዛን ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣሉ፤ ኮረሪማ፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ። ከሸኮ የሚመጣ ገበሬ ኮረሪማ ሲያቀርብላቸው ከላይ ያለውን ዞር ብለውም አያዩት። እጃቸውን እስከ ጆንያው ግርጌ ይሰዱና ከሥር አንዱን ፍሬ አውጥተው ይሰብሩታል። ክብደት እንዲያነሳ ውኃ የተረጨበትን ያውቁታል፣ የዓምናው ከዘንድሮው የተቀላቀለበትንም ያውቁታል። ገበሬው ምሎ ተገዝቶ «እማማ፣ አሁን የተለቀመ ነው» ቢላቸው ፍሬውን እንጂ እሱን አይሰሙም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ጠባያቸው ነው። ክፋቱ፣ ጠባዩን ማታ ከጆንያው ጋር ሱቅ ውስጥ ቆልፈውበት ወደ ቤታቸው መግባት አለመቻላቸው ነው።

የበኩር ልጃቸው ሸዋንግዛው የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ቡና ጭኖ ከሚዛን ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ሚስቱ ህሊና እዚያው ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የሚኖሩት በእናቱ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከተጋቡ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ልጅ ግን የለም። እትዬ አስካለች ከዚህ የባሰ የሚያንገበግባቸው ነገር አልነበረም።

በመጀመሪያ ምራታቸውን የጠረጠሯት በስንፍና ነበር። ወር በገባ ቁጥር ህሊና ትተኛለች። ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልታ፣ በሻሽ ጠቅልላ፣ ሆዷ ላይ ታቅፋ ትጠቀለላለች። ሽንት ቤት የምትሄደው ግድግዳ ተደግፋ ነው። ከሥራ ትቀራለች፤ የምትበላውን ትመልሳለች።

«የሴት ልጅ ሆድ ቁርጠት ዛሬ አልመጣ» ይሏታል እትዬ አስካለች በሩ ላይ ቆመው። «እኔ በዚያ ሆዴ እርድ ተሸክሜ ከቴፒ መጥቻለሁ።»

«የእኔ ይለያል እማማ።»

«የአንቺማ ምኑ የማይለይ አለ!»

ከክረምቱ ወዲህ ግን መተኛቱ ቀረ። ሃይላንዱ መስኮቱ ላይ ባዶውን ተቀመጠ። ህሊና ፊቷ ሞላ፤ ጠዋት ጠዋት እያንጎራጎረች ወደ ትምህርት ቤቷ መሄድ ጀመረች። እትዬ አስካለች ይህን አዩ፣ የልብስ ማስጫውንም አዩ፣ የወር አበባ ምልክት ከግቢው መጥፋቱን አረጋገጡና ልባቸው በደስታ ዘለለች። አልጠየቋትም፤ ቀድሞ የተወራ እርግዝና ዓይን ያርፍበታል ብለው ይፈራሉ። ዝም ብለው ለገንፎው ገብስ አስፈጩ፣ ቅቤ አስቀመጡ። የነገሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለካሰች።

ካሰች ከእሳቸው መደብ ጎን ሽንኩርት የምትሸጥ የዱሮ ጓደኛቸው ናት። ደግ ናት፤ አፏ ግን መክደኛ የለውም። ወራት ሲያልፉ ነገሩን ከእትዬ አስካለች በላይ የምትከታተለው እሷ ሆነች።

«ዛሬ ልጅቷን አየኋት» አለች አንድ ቀን። «አልገፋም እኮ።»

«ሆድ ሁሉ እኩል አይገፋም።»

«እሱስ ልክ ነሽ።» ካሰች የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠችና ጠጋ አለች። «አስካልዬ፣ ክፉ አታስቢብኝ። ይሄን ጊዜማ መታየት ነበረበት። ወይ መጀመሪያውኑ አልነበረም፣ ወይ ደግሞ ነበረና አሁን የለም።»

«የለም ማለት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቤቱ ያንቺ፣ ምራቷ ያንቺ። ፈትሺያ።»

እትዬ አስካለች ህሊና ልታስተምር ሄዳ ሳለች ፍራሿን እንዲበረብሩ ያደረጋቸው ይህ ነው።

አሁን እሽጎቹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ወደ ጓሮ ሄዱ። ነጩንም፣ ቡናማውንም፣ ያልተነካውንም ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጨመሩት። ልጄ ሲመጣ እነግረዋለሁ፤ ዘሩን የምታመክን ሴት በግቢዬ አላኖርም አሉ በልባቸው። ለልጃቸው የሚያሳዩት ማስረጃ ማስቀረት እንደነበረባቸው ትዝ ያላቸው ሁሉም ከወደቀ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ገበያ ወርደው፣ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብለው ለካሰች ነገሯት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው።

አመሻሹ ላይ ህሊና እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ወደ ትልቁ ቤት መጣች።

«እማማ፣ ዛሬ እቤት የገባ ሰው ነበር?»

«የቱ ቤት?»

«የእኛ።»

«ምነው፣ ምን ጠፋብሽ? ወርቅ ነው?»

ህሊና ትክ ብላ አየቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም። ዓይኗ ውስጥ ያነበቡት ግን ንዴት ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ነበረበት። ጥፋተኛ ባትሆን ምን ያስፈራታል አሉ በሆዳቸው።

«ምንም አልጠፋብኝም» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው ያልጠፋ ነገር አይፈለግም።»

ተመልሳ ገብታ ስልክ ስትደውል ሰሟት። ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ግን ግማሹን ወሰደባቸው። የያዙት «መቼ ነው የምትመጣው?» የሚለውን ብቻ ነው። እኔን ቀድማ ልታወራለት ነው ብለው ደመደሙ። ሸዋንግዛው ግን ቶሎ የሚመጣ አልነበረም። ናዳ መንገዱን ዘግቶት መኪኖች ከወዲያና ከወዲህ ተሰልፈው ቆመዋል።

በዚያው ሳምንት ህሊና ከትምህርት ቤት ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። ያስለቀሳትን ለማንም አልተናገረችም። በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስካለች ወደ ገበያ ሊወጡ ነጠላቸውን ሲያጣፉ ከኋላ ቤት ጩኸት ሰሙ። ሮጠው ሲገቡ ህሊና ወለሉ ላይ ተኮራምታ፣ ጉልበቷን ከደረቷ አጣብቃ ታቃስታለች። ግንባሯ በላብ ርሷል። ቀሚሷ ደም ነክቶታል።

እትዬ አስካለች ክው አሉ። ከዚያ የጠረጠሩት ሁሉ አንድ ላይ መጣባቸው።

«ምን ጠጣሽ? ተናገሪ! ምን ጠጥተሽ ነው?»

«ምንም… ምንም አልጠጣሁም።»

«አትዋሺኝ! የልጄን ልጅ ምን አደረግሽው?»

ህሊና በዚያ ሥቃይ መሃል ቀና ብላ አየቻቸው። «የቱን ልጅ?» አለች። የገባት ቆይቶ ነው። ሲገባትም አንገቷን መልሳ ደፋችና አለቀሰች።

ባጃጅ አስጠርተው ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። መንገዱ በየጉድጓዱ ሲያነጥራቸው ህሊና የእትዬ አስካለችን ክንድ ትጨመድዳለች፤ እሳቸውም ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ ደግፈው ይዘዋታል። ሰው እያዘነም መጠርጠር ይችላል። አንድ ልባቸው «ማርያም ድረሽላት» ይላል፣ ሌላው ልባቸው ሐኪሞቹ ምን ሊሉ እንደሚችሉ አስቀድሞ ያዳምጣል።

የተቀበለቻቸው ሐኪም ዶክተር ሣራ ትባላለች፤ ህሊናን በስሟ ጠራቻት። ይህም እትዬ አስካለችን አላስደሰታቸውም። የሚተዋወቁት በምን ሥራ ነው? መርፌ ተወግታ ሥቃዩ ትንሽ ጋብ ሲልላት ዶክተሯ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«መድኃኒቱን አቋረጥሽው እንዴ?»

«ጠፋብኝ።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ። ካቋረጥሽው ደሙም ሕመሙም ይመለሳል።»

«የቱ መድኃኒት ነው?» አሉ እትዬ አስካለች ከበሩ ጥግ።

ዶክተር ሣራ ወደ ህሊና ዞረች። «ይውጡ ወይስ ይቆዩ?»

ህሊና ጣራ ጣራውን እያየች «ይቆዩ» አለች። «እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም። ከእርስዎ ይስሙት።»

«እማማ፣ ይሄ በሽታ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል» አለች ዶክተሯ። «በየወሩ እየደማ የሚወጣው የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን አለ አይደል? የእሱ ዓይነት ሥጋ ከማሕፀኗ ውጭ፣ ሆዷ ውስጥ በቅሎባታል። ወሩ ሲደርስ እሱም ይደማል። ግን መውጫ የለውም። እዚያው ይታመቃል፣ ያቆስላል፣ አንጀቱን ከማሕፀኑ ያጣብቃል። በአልትራሳውንድ ስናያት በዕንቁላል ማምረቻዋ ላይ ደም የቋጠረ እብጠትም አለ። ሕመሟ የስንፍና አይደለም።»

«ስንፍና» የሚለውን ቃል ለዶክተሯ የነገራት ማን እንደሆነ እትዬ አስካለች ገባቸው። እንዲህ በቀላሉ ግን አልተሸነፉም።

«ታዲያ የማያስወልድ ክኒን ምን ይሠራላታል? እኔ እኮ ክኒኑን አውቀዋለሁ። ደግሞ ለደም የሚሆነውን ትተወዋለች።»

«ተይው ያልኳት እኔ ነኝ። ነጩን ጨርሳ ቡናማው ላይ ስትደርስ ነው ደሙ የሚመጣው። እንዳይመጣ ቡናማውን ዘላ በቀጥታ አዲስ እሽግ ትጀምራለች። ደሙ ሲቆም ሆዷ ያርፋል። ለእሷ ይሄ መከላከያ ሳይሆን ማስታገሻ ነው።»

«ከዚያስ? ትወልዳለች?»

«ብዙዎች ይወልዳሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ እርዳታ ይፈልጋሉ፣ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ይችላል። ለእሷ ቃል ልገባልዎት አልችልም። መጀመሪያ ግን መቆም አለባት። ጠዋት ወለል ላይ አግኝተዋታል አይደል?»

እትዬ አስካለች ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሐኪም ከበሽተኛ ጋር ተማክሮ ሊዋሽ ይችላል፤ ባል የማያውቀውን ነገር አማት ብታውቀው ምን ይጠቅማል? ስልካቸውን አውጥተው ለሸዋንግዛው ደወሉ።

«እማዬ፣ መንገዱ ሊከፈት ነው እያሉን ነው። ደህና ናችሁ?»

«ሚስትህ ታማ ሆስፒታል ናት። ክኒን ስትውጥ እንደኖረች ታውቃለህ? የማያስወልድ ክኒን?»

«ምን ሆነች?» ድምፁ ተለወጠ። «ጠፋብኝ ብላኝ ከጅማ ይዤላት እየመጣሁ ነው እኮ!»

እትዬ አስካለች ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዞሩት። «አንተ ነህ የምታመጣላት?»

«እኔ ነኝ። ሚዛን መድኃኒት ቤት ገብታ ብትገዛ ማን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ።»

«እኔ እናትህ አይደለሁም? ለእኔ ለምን አትነግረኝም?»

ከሸዋንግዛው ኋላ የመኪና ጥሩምባና የረዳቶች ጩኸት ይሰማል።

«እማዬ፣ አትቀየሚኝ» አለ። «ለአንቺ የነገርኩትን ለካሰች እንደነገርኩት ነው የምቆጥረው።»

ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱት። ሰው በዚህ ዕድሜው በገዛ ልጁ አፍ እንዲህ ሲባል ያማል፤ እውነት ሲሆን ደግሞ የባሰ ያማል። ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ከርመው፣ የለቀሙትን በገበያ አዙረው ሸጠውታል። ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የተነሡት አንዲት ነርስ «የህሊና አስታማሚ!» ብላ ስትጣራ ነው። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ክኒኑን ጨርሷል፤ ከውጭ ገዝተው ያምጡ፣ ዛሬውኑ ትጀምር አለቻቸው።

ከመሄዳቸው በፊት ወደ አልጋው ተመለሱ።

«ክኒንሽን የጣልኩት እኔ ነኝ» አሉ ቆመው። «ሽንት ቤት ጨመርኩት።»

«አውቄያለሁ» አለች ህሊና። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ያላወቅኩት ሌላውን ነበር። አስወረደች እየተባለ ነው። መምህራኑ ሲያዩኝ ወሬ ያቋርጣሉ። አንዷ የተማሪዬ እናት፣ ልጇ ከእኔ ክፍል እንዲቀየርላት ጠይቃለች አሉ። ማን እንደጀመረው ሳስብ ነው የሰነበትኩት። አሁን ግን ደረስኩበት።»

እትዬ አስካለች ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለጉት፤ ሳያወጡት የአልጋ ልብሷን አስተካከሉ። ከዚህች ልጅ ፊት እንደዛሬ አፍረው አያውቁም።

«እውነቱን እናገራለሁ» አሉ። «ገበያ መሃል ቆሜ፣ በሽታ ነው እላለሁ።»

ህሊና ዘወር አለች። «እንዳያደርጉት! ሆዷ ውስጥ ደም የቋጠረ፣ ትውለድ አትውለድ የማይታወቅ ሊሉኝ? ዛሬ አስወረደች ያለ አፍ ነገ መካን ይለኛል። ለማንም እንዳይናገሩ። ለእኔ የሚያደርጉልኝ ነገር ካለ እሱ ብቻ ነው።»

«እሺ» አሉ። ቃላቸውን ሰጡና ወጡ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። መድኃኒት ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ባለቤቱ ሲሞን እትዬ አስካለችን ሲያይ ከመደርደሪያው ጀርባ በአክብሮት ጎንበስ አለ። እሳቸው ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ሊነግሩት ሲሉ ከወረፋው መሃል የሚያውቁት ድምፅ ጠራቸው።

«አስካልዬ!» ካሰች ናት፤ ለጉልበቷ ቅባት ልትገዛ መጥታለች። «ልጅቷ በባጃጅ ሆስፒታል ተወሰደች አሉ? ደም በደም ሆና! እኔ ብዬሽ አልነበር?»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ጭብጥ አድርገው የያዙትን ማዘዣ ጣሉት።

«ምን ልስጥዎት እትዬ?» አለ ሲሞን፣ ነገሩን ሊያበርድ።

«የወሊድ መከላከያ ክኒን» አሉ። ሹክሹክታው ከአሁን በኋላ አይጠቅምም።

ሲሞን እጁ መደርደሪያው ላይ ቀረ። «ለማን… ለማን ነው?» የጠየቀው እንደ ወጉ ነው። ካሰች ግን አንገቷን አስግጋ መልሱን ትጠብቃለች። ለህሊና ነው ቢሉ ወሬው ይጸናል። በሽታ ነው ቢሉ አሁን የሰጡትን ቃል አሁኑኑ ያፈርሳሉ። ዝም ቢሉም ያው ነው፤ ዝምታቸውን ካሰች ራሷ ትሞላዋለች። እትዬ አስካለች የጽዋ ማኅበራቸው ሙሴ፣ ሰብሳቢው ናቸው። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ አንድ ሰው በስማቸው ቀልዶ አያውቅም። ይህን ሁሉ አሰቡትና አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ለእኔ ነው።»

«ለማን?» አለች ካሰች።

«ለእኔ ነው አልኩሽ። ያን ቀን አገኘሁት ያልኩሽም የእኔው ነበር። ልጆቼ እንዳያገኙብኝ እሷ ፍራሽ ሥር ደበቅኩት። ወሬው ሊወጣብኝ ነው ብዬ ስፈራ በልጅቷ አላከክሁት። ልጅቷ ምንም የለባት፤ ጨጓራዋ ተነሥቶባት ነው። ደም የሚባለውም ሰው የጨመረው ነው።»

ከወረፋው አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል አመለጠው። ካሰች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አስካልዬ፣ ኧረ በማርያም! ባል እኮ የለሽም!»

«ለዚህ ነዋ የደበቅኩት» አሉ እትዬ አስካለች።

ሲሞን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። እሽጎቹን ከመደርደሪያው አውርዶ «በጥቁር ፌስታል ላድርግልዎት?» አላቸው።

«ተወው፣ አልፈልግም።»

ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስድ አቋራጭ አለ፤ ሰው አይበዛበትም። እትዬ አስካለች እሽጎቹን በግልጽ በእጃቸው ይዘው በገበያው መሃል ሄዱ።